ነፃነትና ዋሱ

የሐሳብ ነፃነት መልካም ነገር ስለ መሆኑ ብዙ ተጽፏል። ፈላስፎች ተከራክረውበታል፤ ሕገ መንግሥቶች አጽድቀውታል፤ ባለቅኔዎች አወድሰውታል። ከዚህ ጥያቄ ሥር ግን ሌላ፣ ይበልጥ ተጨባጭ የሆነ ጥያቄ አለ። ይኸውም የነፃነትን ቃል የሚናገረው አንዱ ሲሆን የቃሉን ዋጋ የሚከፍለው ማን ነው? የሚል ነው። አንድ መጽሐፍ ከደራሲው አእምሮ ወጥቶ ከአንባቢው እጅ እስኪገባ ድረስ በብዙ ሰዎች እጅ ያልፋል። አታሚ፣ ጠራዥ፣ አመላላሽ፣ ሻጭ ሁሉ ይነካካዋል። እነዚህ ሰዎች በመጽሐፉ እንደ ደራሲው ክብር አያገኙበትም፤ እንደ አንባቢውም ዕውቀት አይገበዩበትም። መጽሐፉ በተከሰሰ ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠየቀው በእጁ የተገኘበት ሰው ነው።

የዚህን ጥያቄ ባሕርይ ለመረዳት ረቂቅ ትንተና ብቻውን አይበቃም። በአንድ በተወሰነ ቦታና ዘመን በእርግጥ ከተፈጸመ ጉዳይ መነሣት ያስፈልጋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1814 (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ከፈረንሳይ ተሰዶ በአሜሪካ በፊላዴልፊያ ከተማ ይኖር የነበረ አንድ መጽሐፍ ሻጭ፣ የአገሪቱ ሦስተኛ ፕሬዚዳንት ከነበረው ከቶማስ ጄፈርሰን ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ናቸው። ጉዳዩ ትንሽ ነው፤ የገንዘቡም ልክ ሁለት ዶላር ብቻ ነው። ነገር ግን በትንሹ ጉዳይ ውስጥ ትልቁ የሞራል ጥያቄ ሳይሸፋፈን ይታያል።

ሁለቱ ሰዎች

ኒኮላ ጉዌን ዱፊዬፍ የናንት ከተማ ተወላጅ ነበር። የፈረንሳይ አብዮት አገሩን ባናወጠበት ወቅት ቤተሰቡ ከንጉሡ ወገን የቆመ በመሆኑ ገና በወጣትነቱ ተሰደደ፤ በ1790ዎቹም ወደ አሜሪካ ተሻገረ። ስደተኛ ድንበር ሲሻገር ከእጁ የማይነጠቀው ሀብት ቋንቋው ነው፤ ዱፊዬፍም እንጀራውን የጋገረው በቋንቋው ነው። ለፊላዴልፊያ ሰዎች ፈረንሳይኛ አስተማረ፤ በ1804 ስለ ቋንቋ ማስተማሪያ ዘዴ የደረሰውን መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚህም ጎን ለጎን የመጽሐፍ ንግድ ያዘ።

በዚያ ዘመን ከአውሮፓ የሚመጣ መጽሐፍ መነገድ ቀላል ሥራ አልነበረም። መጽሐፉ የሚጓዘው በሸራ መርከብ ነው፤ ነጋዴው ገንዘቡን አስቀድሞ አውጥቶ ወራት ይጠብቃል። ከ1812 ጀምሮ በአሜሪካና በእንግሊዝ መካከል ጦርነት በመነሣቱ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል የአሜሪካን ጠረፍ ሲዘጋ ደግሞ ንግዱ ይበልጥ ጠበበ። እንዲህ ባለው ጊዜ ለአነስተኛ ነጋዴ ትልቁ ካፒታል በመደርደሪያው ላይ ያለው ዕቃ ሳይሆን የደንበኞቹ አመኔታ ነው።

ከደንበኞቹም መካከል አንዱ ጄፈርሰን ነበር። ይህ ሰው የአሜሪካን የነፃነት መግለጫ በዋናነት ያረቀቀ፣ በቨርጂኒያ የሃይማኖትን ነፃነት የሚደነግገውንና በ1786 የጸደቀውን ሕግ የጻፈ፣ ከ1801 እስከ 1809 አገሩን በፕሬዚዳንትነት የመራ ነው። በ1814 ዕድሜው 71 ደርሶ ነበር። ከሥልጣን ተሰናብቶ ሞንቲቼሎ በተባለው ኮረብታ ላይ በሚገኘው ርስቱ ተቀምጦ፣ ዓለምን የሚያገኘው በመጻሕፍትና በደብዳቤ ነበር።

የሁለቱ ሰዎች መጻጻፍ ለብዙ ዓመታት የዘለቀ ነው። የደብዳቤዎቹም ጉዳይ በአብዛኛው ስለ መጻሕፍት አርዕስት፣ ስለ እትም፣ ስለ ዋጋና ስለ ማጓጓዣ ነበር። ከእነዚህ ልውውጦች አንዱ በተለይ ሊጠቀስ ይገባዋል። ዱፊዬፍ በ1790 ከሞተው ከታላቁ ሊቅ ከቤንጃሚን ፍራንክሊን ቤተ መጻሕፍት የተረፈውን ከፊል ገዝቶ ነበር፤ በ1803 መጀመሪያም ይህንኑ በመጥቀስ ለፕሬዚዳንቱ ጻፈ። ጄፈርሰን ከፍራንክሊን መጻሕፍት የተወሰኑትን ለራሱ ገዛ። ስለዚህ አንድ ስደተኛ ነጋዴ የአሜሪካን መሥራቾች የአንዱን መጻሕፍት ለሌላው ያሻገረ ድልድይ ሆነ ማለት ነው። ስለ ፍራንክሊን ስም ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

በደብዳቤዎቹ ላይ የሚነበበው ትሕትናና መከባበር እውነተኛ ነው። ይሁን እንጂ ትሕትና እኩልነት አይደለም። ደንበኛው ባያዝዝ የሚያጣው አንድ መጽሐፍ ነው፤ ሻጩ ደንበኛውን ቢያጣ የሚያጣው ስሙንም ጭምር ነው። ይህ ልዩነት በሰላሙ ጊዜ ከጨዋነት ቃላት በስተጀርባ ተሸሽጎ ይኖራል። አደጋ ሲመጣ ግን ይገለጣል።

ሁለት ዶላር

ሬኞ ደ ቤኩር የተባለ ፈረንሳዊ ስለ ዓለም አፈጣጠር የሚያትት መጽሐፍ በፈረንሳይኛ ጽፎ ለማሳተም ተዘጋጀ፤ ለጄፈርሰንም ይህንኑ በደብዳቤ አስታወቀው። ጄፈርሰን በአርዕስቱ ሲገምተው ስለ ምድር አቀማመጥ ወይም ስለ ከዋክብት የሚናገር ሥራ መስሎት ለአንድ ቅጂ ተመዘገበ። መጽሐፉ ታትሞ ሲወጣ ደራሲው ራሱ አንድ ቅጂ ላከለት። ዋጋውን በተመለከተ ጄፈርሰን ለደራሲው የሰጠው መልስ አጭር ነበር፤ በፊላዴልፊያ የመጽሐፍ ጉዳዩን የሚያከናውንለት ዱፊዬፍ ስለ ሆነ ገንዘቡን ከርሱ ዘንድ ሄዶ እንዲቀበል ነገረው። ዱፊዬፍም ሁለት ዶላር ገደማ ስለ ደንበኛው ከፈለ።

ከዚህ በኋላ መጽሐፉ ሃይማኖትን ይነካል የሚል ክስ ተነሣ። የአንድ መጽሐፍ ሽያጭ የወንጀል ምርመራ ጉዳይ ሆነ። ጥያቄውም ወደ ስደተኛው ነጋዴ ደጃፍ መጣ፤ ለፕሬዚዳንት ጄፈርሰን መጽሐፉን የሸጠለት ማን ነው? የሚል ነበርና። ዱፊዬፍ ሚያዝያ 6 ቀን 1814 ወደ ሞንቲቼሎ ጻፈ። የፈለገው ስለ ነፃነት የሚተነትን ድርሰት አልነበረም። ምስክርነት ነበር፤ መጽሐፉን እንዳልሸጠ የሚያውቀው ሰው ያንኑ እንዲመሰክርለት ብቻ ነው የጠየቀው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ሊባል ይገባል። ነጋዴው በዚህ አደጋ ውስጥ የገባው በራሱ ፈቃድ አይደለም። መጽሐፉን አልመረጠውም፤ አላስመጣውም፤ አልሸጠውም። ያደረገው ነገር ቢኖር ደንበኛው ለራሱ ምቾት ሲል ያዘዘውን ሁለት ዶላር መክፈል ነው። ስለዚህ የታላቁ ሰው ምስክርነት ለታናሹ የተደረገ ቸርነት ተደርጎ ሊቆጠር አይችልም። ዕዳ ነው። ብዙ ጊዜ ኃያላን ውለታ ብለው የሚጠሩት ነገር፣ በቀረበው ሲመረመር፣ ሳይከፈል የቆየ ዕዳ ሆኖ ይገኛል።

የመልሱ ደብዳቤ

ጄፈርሰን ሚያዝያ 19 ቀን መለሰ። ደብዳቤው በኋላ ዘመን ስለ ሐሳብ ነፃነት ከተጻፉት ዝነኛ ጽሑፎች አንዱ ሆኖ ሲጠቀስ ኖሯል። ይሁን እንጂ ጠቃሾቹ አዘውትረው የሚያነሡት መካከሉን ብቻ ነው። ሙሉ ትርጉሙ የሚገኘው ግን የደብዳቤውን ሦስት ክፍሎች በቅደም ተከተል በማየት ነው።

የመጀመሪያው ክፍል ደረቅ የሐቅ ቃል ነው። ደራሲው እንደ ጻፈለት፣ እርሱም እንደ ተመዘገበ፣ ቅጂው በቀጥታ ከደራሲው እንደ መጣ፣ ዱፊዬፍ ዋጋውን ከመክፈል በቀር መጽሐፉን እስከሚያውቀው ድረስ በዐይኑም እንዳላየው ይመሰክራል። በዚህ ክፍል ውስጥ አንዲትም የሚያምር ቃል የለችም፤ አያስፈልጋትምም።

ሁለተኛው ክፍል መርህ ነው። በአሜሪካ ምድር የመጽሐፍ ሽያጭ በዳኛ ፊት የሚቀርብ ወንጀል መሆኑን በመስማቱ ማፈሩን ይገልጻል። የምንገዛውንና የምናነበውን የሚፈቅድልን መርማሪ ሊሾምብን ነውን? ሲል ይጠይቃል። የሁሉ እግር በአንድ ሰው እግር ልክ ሊቆረጥ ወይም ሊጎተት አይገባም ይላል። መጽሐፉ ሐሰት ከሆነ ሐሰትነቱን በማስረጃ ማሳየት፣ ሙግቱ ደካማ ከሆነም በሙግት መርታት ነው እንጂ በፖሊስ አይደለም የሚል ነው ክርክሩ። መጽሐፉ የሚነቅፈው በዋናነት ኒውተንን መስሎ ስለታየው፣ ኒውተን የመንግሥት ድጋፍ እንደማያስፈልገው፣ የሃይማኖት መሥራችማ ከቶውንም እንደማያስፈልገው ያክላል። መጽሐፉ ዝም ቢባል ማንም እንደማያነበው፣ ቢሳደድ ግን ሁሉም መብቱን ለማስከበር ሲል እንደሚገዛው ያስጠነቅቃል። በመጨረሻም የፔንስልቬንያ ሕግ እንዲህ ያለውን ምርመራ ሊፈቅድ ስለማይችል ነጋዴው በዚያ ሕግ ጥላ ሥር ያለ ሥጋት እንዲኖር ያረጋግጥለታል።

ሦስተኛው ክፍል ሒሳብ ነው። ጄፈርሰን የኒውተንን «ፕሪንሲፒያ» አንድ እትም በማስታወቂያ ማየቱንና ቀደም ብሎ በጻፈው ደብዳቤ ማዘዙን ያስታውሳል። ዋጋው ሲታወቅ ከቀድሞው 4 ዶላር ከ93 ሳንቲም ቀሪ ሒሳብ ጋር ተደምሮ እንደሚላክ ይገልጻል።

ይህ ሦስተኛ ክፍል ለአንዳንድ አንባቢ ከታላቁ ሐሳብ በኋላ የመጣ ተራ ነገር ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በምርመራ ላይ ላለ ነጋዴ ደንበኛው ሌላ መጽሐፍ ማዘዙን መቀጠሉ ራሱ ምስክርነት ነው። ሰው ሲከሰስ ወዳጆቹ ቀስ በቀስ ሰላምታቸውን ያሳጥራሉ፤ ደንበኞቹ መንገድ ይቀይራሉ። ጄፈርሰን ግን እንደ ወትሮው አዘዘ። ቃሉን በተግባር ካጸኑት ነገሮች አንዱ ይህ ተራ የሚመስል ትዕዛዝ ነው።

ሁለቱ መከላከያዎች

ከዚህ የሚነሣው ፍልስፍናዊ ችግር የሚከተለው ነው። ያለ አግባብ የሚከሰስ ሰው ሁለት መከላከያዎች አሉት። አንደኛው «አላደረግሁም» የሚለው ነው። ሁለተኛው «ባደርገውም ወንጀል አይደለም» የሚለው ነው። እነዚህ ሁለቱ በመልክ ይመሳሰላሉ፤ በባሕርይ ግን ይለያያሉ።

«አላደረግሁም» የሚለው መከላከያ ሰውን ያድናል፤ ሕጉን ግን እንዳለ ይተወዋል። ከዚያም አልፎ በተዘዋዋሪ መንገድ ለመርማሪው ሥልጣን ዕውቅና ይሰጣል። ይህን የሚል ሰው፣ ሳይፈልግ፣ ያደረገው ሌላ ሰው ቢኖር መጠየቁ ተገቢ ነው እንደ ማለት ይቆጠርበታል። ዱፊዬፍ ባልሸጠው መጽሐፍ ነፃ ቢወጣ፣ በሚቀጥለው ጎዳና ላይ ያንኑ መጽሐፍ የሸጠው ነጋዴ ምን ይሁን? የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ይቀራል።

«ባደርገውም ወንጀል አይደለም» የሚለው ደግሞ ሥርዓቱን ከመሠረቱ ይፈትናል። ነገር ግን ይህን መከላከያ ለመምረጥ ጀርባን የሚያስጠጉበት ግድግዳ ያስፈልጋል። አገር ያለው፣ ርስት ያለው፣ ስም ያለው ሰው ይህን ሊል ይችላል። ትናንት በመርከብ የመጣ፣ የሰው አገር እንጀራ የሚበላ፣ ንግዱ በጎረቤቶቹ በጎ ፈቃድ ላይ የቆመ ሰው ግን ይህን ሲናገር ቃሉ ሌላ ክብደት ይኖረዋል። አንዱ ዓረፍተ ነገር በአንዱ አፍ ፍልስፍና፣ በሌላው አፍ ተጨማሪ ወንጀል ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስደተኛው «አላደረግሁም» የሚለውን ብቻ መጠየቁን ፍርሃት ብሎ መንቀፍ፣ የኑሮውን ተጨባጭ ሁኔታ ካለማገናዘብ የሚመጣ ስሕተት ነው።

የጄፈርሰን ደብዳቤ መልካምነት ሁለቱን መከላከያዎች በየባለቤታቸው እጅ ማስቀመጡ ነው። ነጋዴው ሊለው የሚችለውን አስቀድሞ መሰከረለት፤ ነጋዴው ሊለው የማይችለውን ደግሞ ራሱ ተናገረው። ምስክርነቱን ትቶ መርሁን ብቻ ጽፎ ቢሆን ኖሮ፣ ሰውን ለሐሳብ መሥዋዕት ማድረግ ይሆን ነበር። ደብዳቤው ውብ ሆኖ ነጋዴው ይታሰር ነበር። መርሁን ትቶ ምስክርነቱን ብቻ ሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ደግሞ አንድን ወዳጅ አድኖ ሌሎቹን ሁሉ አሳልፎ መስጠት ይሆን ነበር። በአገራችን ልማድ ለተከሰሰ ሰው የሚቆም ዋስ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው። ዋስ በቃል ብቻ አያዝንም። ስሙን አስይዞ ከተጠያቂው ጎን ይቆማል፤ ጥፋት ቢገኝ እርሱም እንደሚጠየቅ ያውቃል። ቃል የእምነት ዕዳ ነው የሚባለውም ለዚህ ነው።

ሆኖም በዚሁ ደብዳቤ ውስጥ አንድ ደካማ ሥፍራ አለ። ጄፈርሰን ነጋዴውን በፔንስልቬንያ ሕግ ሥር ያለ ሥጋት እንዲኖር ሲያረጋግጥለት የተናገረው ከሩቅ ኮረብታ ላይ ሆኖ ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በ1824፣ የፔንስልቬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት አፕዴግራፍ በተባለ ሰው ጉዳይ ላይ ሃይማኖትን መስደብ የሚከለክለው ሕግ ጸንቶ እንደሚኖር ወሰነ። የስደተኛው ሥጋት ከታላቁ ሰው ማረጋገጫ ይልቅ ለእውነታው የቀረበ እንደ ነበር ታሪክ መሰከረ። ሕግን በመጽሐፍ የሚያውቀውና ሕግ ደጁን የሚያንኳኳበት ሰው እኩል አያዩትም።

በዚያው ዓመት

የአንድን መርህ እውነተኛ ስፋት ለመለካት ተናጋሪው በአንድ ጉዳይ ላይ የተናገረውን ብቻ ማየት አይበቃም። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ጠረጴዛ ላይ የተጻፉትን ሌሎች ደብዳቤዎች ጎን ለጎን ማስቀመጥ ይገባል።

ሐምሌ 31 ቀን 1814 ኤድዋርድ ኮልስ የተባለ የቨርጂኒያ ወጣት ለጄፈርሰን ጻፈ። ኮልስ የፕሬዚዳንት ማዲሰን የግል ጸሐፊ ሲሆን ከአባቱ በውርስ ያገኛቸው ባሪያዎች ነበሩት። የነፃነት መግለጫ ጸሐፊ በቨርጂኒያ ባርነትን ቀስ በቀስ የሚያስቀር እቅድ አውጥቶ በስሙና በክብሩ እንዲመራው ለመነው። የለመነው ዱፊዬፍ ከለመነው የተለየ አልነበረም፤ ስሙን እንዲያስይዝ ነው የጠየቀው። ጄፈርሰን ነሐሴ 25 ቀን መለሰ። ባርነት ክፉ መሆኑን አልካደም። ነገር ግን ይህ ሥራ የወጣቶች ነው፣ እኔ አርጅቻለሁ፣ ከእኔ የሚጠበቀው ጸሎት ብቻ ነው በሚል መንፈስ ራሱን አገለለ።

ኮልስ በመስከረም ወር መልሶ ሲጽፍለት የፍራንክሊንን ምሳሌ ጠቀሰ። ፍራንክሊን ከጄፈርሰን በሚበልጥ ዕድሜው ከባድ ሥራዎችን ይሠራ እንደ ነበር አስታወሰው። በእርግጥም ፍራንክሊን በ84 ዓመቱ፣ ሊሞት ሁለት ወር ገደማ ሲቀረው፣ የፔንስልቬንያ የፀረ ባርነት ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ለአሜሪካ ምክር ቤት በቀረበ አቤቱታ ላይ ስሙን አኑሯል። ጄፈርሰን የዚህን ሰው መጻሕፍት ከዱፊዬፍ ገዝቶ በመደርደሪያው አኑሮ ነበር። መጻሕፍቱን መውረስ ቀላል ነው፤ ምሳሌነቱን መውረስ ግን ዋጋ ያስከፍላል።

ሁለቱን ደብዳቤዎች ማነጻጸር የግድ ነው። በሚያዝያ ወር የ71 ዓመት አዛውንት ስለ አንድ የሁለት ዶላር መጽሐፍ ብዕሩን እንደ ሰይፍ መዘዘ። በነሐሴ ወር ያው አዛውንት ስለ ሰው ልጆች ሲጠየቅ ዕድሜውን ምክንያት አደረገ። ዕድሜው በአራት ወር ውስጥ አልተለወጠም። የተለወጠው ዋጋው ነው። ለመጽሐፍ ሻጩ መመስከር ከርስቱ አንድ ጋሻ መሬት አያስቀንስበትም ነበር። ኮልስ የጠየቀው ግን ያ ርስት ራሱ የቆመበትን መሠረት ነው። ጄፈርሰን በዕድሜ ዘመኑ ከስድስት መቶ በላይ ሰዎችን በባርነት የያዘ ሲሆን፣ በሕይወቱና በኑዛዜው ነፃ ያወጣቸው ጥቂቶች ብቻ ናቸው። «የምናነበውን ማን ይመርጥልናል?» ብሎ ሲጠይቅ «እኛ» ባለው ቃል ውስጥ መጻሕፍቱን በሠረገላ የሚያወርዱት፣ ሻማውን የሚያበሩለት፣ ምሳውን የሚያቀርቡለት ሰዎች አልተካተቱም ነበር።

ኮልስ በበኩሉ የለመነውን ባያገኝም ሐሳቡን አልተወም። በ1819 ከቨርጂኒያ ወጥቶ ወደ ኢሊኖይ ሲጓዝ ባሪያዎቹን ነፃ አወጣ፤ በኋላም የዚያ ክፍለ ግዛት አገረ ገዥ ሆኖ ባርነት በዚያ ሕጋዊ እንዳይሆን ታገለ።

በዚያው ዓመት ሌላም ነገር ሆነ። ነሐሴ 24 ቀን የእንግሊዝ ጦር ዋሽንግተንን ይዞ የምክር ቤቱን ሕንፃ ሲያቃጥል በውስጡ የነበረው ቤተ መጻሕፍት አብሮ ጠፋ። ጄፈርሰን የራሱን መጻሕፍት ለአገሪቱ ሊሸጥ አቀረበ። 6,487 ጥራዞች በ23,950 ዶላር ተገዙ። በጥር 1815 ጉዳዩ በተወካዮች ምክር ቤት ሲቀርብ ሳይረስ ኪንግ የተባለው የማሳቹሴትስ ተወካይና ሌሎችም ከመጻሕፍቱ መካከል ሃይማኖትን የሚጻረሩ አሉ ብለው ተቃወሙ፤ ግዢው በ81 ድምፅ ድጋፍና በ71 ተቃውሞ ብቻ አለፈ። እዚህ ላይ ንጽጽሩ ግልጽ ነው። የተጠረጠረው መጽሐፍ በታላቁ ሰው መደርደሪያ ላይ ሲገኝ ጉዳዩ የምክር ቤት ክርክር ሆነ። ያው ዓይነት መጽሐፍ ከታናሹ ሰው ሱቅ ጋር ስሙ ሲነሣ የወንጀል ምርመራ ሆኖ ነበር። ኃጢአቱ አንድ ሲሆን መንበሩ ይለያያል።

የመርህ ፈተና

የሐሳብ ነፃነት የሚፈተነው ለማንም የማያሰጋ መጽሐፍ ሲከሰስ አይደለም። የደ ቤኩር መጽሐፍ የነቀፈው ኒውተንን ነበር፤ ኒውተን ደግሞ ከሞተ 87 ዓመት አልፎት ነበር። መርሁ በእርግጥ የሚፈተነው መጽሐፉ የተከላካዩን የራሱን ቤት ሲነካ ነው።

ይህም ፈተና ብዙ ሳይቆይ መጣ። በ1829 በቦስተን ከተማ አሮጌ ልብስ እየሸጠ የሚኖር ዴቪድ ዎከር የተባለ ጥቁር ሰው በባርነት ላይ የተነሣ ጠንካራ ጽሑፍ አሳተመ። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ጄፈርሰን ቀደም ባለው መጽሐፉ ስለ ጥቁሮች ዝቅተኝነት የጻፈውን ስሙን እየጠራ ሞገተ፤ ወገኖቹም ያንን አንብበው ራሳቸው እንዲመልሱ አሳሰበ። ይህ በትክክል ጄፈርሰን ለዱፊዬፍ የጻፈው ምክር ነው፤ ሐሰት ከሆነ አስረዳ፣ ሙግቱ ደካማ ከሆነ ርታ የሚለው። ጄፈርሰን በ1826 ስለ ሞተ መልስ ሊሰጥ አልቻለም። መልስ የሰጠው የነበረበት መደብ ነው። የደቡብ ባለ ርስቶች ለመጽሐፉ በመጽሐፍ አልመለሱለትም፤ ወደ ካቴናው ሄዱ። ጆርጂያ በ1829 መጨረሻ፣ ሰሜን ካሮላይና በ1830 እንዲህ ያሉ ጽሑፎች እንዳይሠራጩ የሚከለክሉ ከባድ ሕጎች አወጡ፤ ባሪያን ማንበብ ማስተማርንም ከለከሉ። ቨርጂኒያም በ1831 ተመሳሳይ ሕግ ደነገገች። በወደቦቹ ላይ ጽሑፉን ሲያሠራጩ የተገኙ ባሕረኞችና ጥቁሮች ታሰሩ። አሁንም አስቀድመው የተያዙት ተሸካሚዎቹ ናቸው። ዱፊዬፍ በሞንቲቼሎ የሚመሰክርለት ነበረው፤ እነዚህ ግን ዋስ አልነበራቸውም።

ከዚህ በመነሣት ሁለት የተሳሳቱ መደምደሚያዎች ይሰነዘራሉ። አንደኛው ተናጋሪው ባሪያ አሳዳሪ ስለ ነበር የተናገረው መርህ ከንቱ ነው የሚል ነው። ሁለተኛው መርሁ ታላቅ ስለ ሆነ የተናጋሪው በደል ሊታለፍ ይገባል የሚል ነው። ሁለቱም መርህንና ባለቤቱን አንድ አድርገው የሚያዩ ናቸው። እውነቱ ግን መርህ ከአፍ ከወጣ በኋላ የተናጋሪው የግል ንብረት አይደለም። ዎከር የጄፈርሰንን የነፃነት መግለጫ ቃል ወስዶ በራሱ በጄፈርሰን ወገን ላይ መልሶ ያነበበው ይህን ስለ ተረዳ ነው። የተነፈጉት ሰዎች ቃሉን ሲይዙት ከተናጋሪው ልክ አልፎ ይሰፋል። ይህ ማለት ግን የቃሉ መስፋት የተናጋሪውን ዕዳ ይሰርዝለታል ማለት አይደለም። ጄፈርሰን ከመቶ ሺህ ዶላር በላይ ዕዳ ትቶ ሞተ፤ በጥር 1827 ለዚህ ዕዳ መክፈያ በሞንቲቼሎ 130 ሰዎች ለጨረታ ቀረቡ። የባለ ርስቱን ሒሳብ የከፈሉት እነርሱ ናቸው።

ሒሳቡ

ዱፊዬፍ ከዚህ ሁሉ በኋላም ወደ ሞንቲቼሎ መጻሕፍት መላኩን ቀጠለ፤ በ1834ም በፊላዴልፊያ ሞተ። ስሙን ዛሬ የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው፤ የሚያውቁትም አብዛኛውን ጊዜ ዝነኛው ደብዳቤ የተጻፈለት ሰው በመሆኑ ነው። ይሁን እንጂ እርሱ ባይጠይቅ ኖሮ ደብዳቤው አይጻፍም ነበር። ታላቁ ቃል የተወለደው ከታናሹ ሰው ሥጋት ነው።

ይህ ጉዳይ ለመምህር፣ ለከያኒ፣ በኅብረተሰቡ ውስጥ ኃላፊነት ለተሸከመ ሁሉ የሚያስተላልፈው ቁም ነገር አንድ ነው። ድፍረት የተሞላበት ቃል ከመናገር በፊት፣ ቃሉን ተሸክሞ የሚሄደው ማን እንደ ሆነ መጠየቅ ይገባል። ደራሲው ስለ አታሚው፣ መምህሩ ስለ ተማሪው፣ መሪው ትዕዛዙን ስለሚፈጽመው ሰው መልስ ሊኖረው ይገባል። በአደጋው ቀን «አላውቀውም» የሚል ሰው፣ የተናገረው መርህ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ያልከፈለውን ነገር እንደ ራሱ የቆጠረ ነው። በአደጋው ቀን መጀመሪያ ሐቁን የሚመሰክር፣ ቀጥሎ መርሁን የሚናገር፣ ከዚያም እንደ ወትሮው ከተጠርጣሪው ጋር ግብይቱን የሚቀጥል ሰው ግን፣ ቢያንስ በዚያች ጉዳይ ላይ፣ ቃሉን ዋስ አድርጎታል።

የሚያዝያ 19ኙ ደብዳቤ በ4 ዶላር ከ93 ሳንቲም ቀሪ ሒሳብ ማለቁ ተገቢ ነበር። ለነጋዴው ያለበትን በሳንቲም ሳይቀር ያሰላው እጅ፣ በነሐሴ ወር ስለ ትልቁ ዕዳ ሲጠየቅ መቁጠሩን ተወ።